ከቁልፉ በፊት ፍሬን

ለእትዬ፣ ለታላቅ እህቴ። ያመመሽን ጉልበት ቀስ ብዬ፣ ጤነኛውን ጠበቅ አድርጌ ስሜያለሁ። እንዴት ሰነበትሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እማዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

በድምፅ መልእክትሽ ጉልበቴ ከአውቶቡስ መሪ ላይ አውርዶ ቤት አስቀመጠኝ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስሄድ ስመለስ ኖሬ ለማን ምን ተረፈ ያልሽው ከሆዴ አልወጣ አለ። ስለዚህ በቅርቡ የሆነውን ልጻፍልሽ።

ሥራሽ ምንድን ነው ስትይኝ ሁሌ እሸሻለሁ። የመኪና ጨዋታ መሪና የሹፌር ማሠልጠኛ ፔዳል ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ምንም አይገባውም። እጅና እግር ያደረጉትን የሚነግረው ፕሮግራም ይፈልጋል፤ እሱን የምንጽፈው እኛ ነን። ድራይቨር ይሉታል፣ በእንግሊዝኛ ሹፌር ማለት ነው፤ በዚህ ሂሳብ እኔም ሹፌር ነኝ፣ አትሳቂ።

ፔዳላችንን የሚጠቀም የአውቶቡስ ሹፌሮች ማሠልጠኛ አለ። እዚያ አንዲት ሠልጣኝ በኮምፒውተሩ አውቶቡስ ላይ በተፈተነች ቁጥር ፍሬኑ አይዝላትም፤ ስክሪኑ ላይ ካለው ግድግዳ ጋር ትጋጫለች። አሠልጣኙ እግርሽ ሰነፍ ነው፣ አንዴ ከደገምሽ ትሰናበቻለሽ ብሏታል። ዕቃውን እንዳይ ተላክሁ። እኔ ስሞክረው ምንም የለበትም። እስቲ እሷ ትሞክር ብዬ አጠገቧ ቆምሁ። ገና ከመቀመጧ እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳረፈች፤ ማብሪያውን የተጫነችው ከዚያ በኋላ ነው። ክው አልሁ። ድሮ ጋቢና አስቀምጠሽኝ እግርሽ ፍሬን ላይ ሳያርፍ ቁልፍ እንዳትነኪ እያልሽ የምትቆጪኝ ነገር ትዝ አለኝ።

ፕሮግራማችን ሲበራ ፔዳሉን ያገኘበትን ቦታ ያልተረገጠ ብሎ ይይዘዋል። እግሩን አንሥቶ የሚያበራ ግዴለሽ ያልፋል፤ የጠንቃቃዋ ግን ግማሽ ርግጫዋ አይቆጠርላትም። እኛ ቢሮ ስንሞክረው ፔዳሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን በእጃችን ስለምንጫን፣ ማናችንም አላሰብነውም።

አለቃዬ ሲበራ እግርዎን ያንሱ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይውጣና እንገላገል አለ። አለቃ ፊት ምላሴ እንደሚታሰር ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን ተፈታ። የሰው ነፍስ የሚጭን ሹፌር እግሩን ከፍሬን አንሥቶ ሞተር ማስነሣት በእኛ እጅ አይለምድም አልሁት። ቅር እያለውም ቢሆን ጊዜ ሰጠኝ። ፔዳሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማንም ሳይረግጠው የተለካው ልክ እዚያው ዕቃው ውስጥ ተመዝግቦ ኖሯል፤ ፕሮግራሙ ከዚያ እንዲያነብ አደረግሁት። ሠልጣኟ እንደገና ተፈተነች፤ አውቶቡሷ ከግድግዳው ወዲህ ቀጥ ብላ ቆመች። አሠልጣኙም ይቅርታ ጠየቃት። እንዴት ደረስሽበት ስትለኝ እህቴ ሹፌር ናት አልኋት።

እትዬ፣ የትምህርት ቤቴን ወጪ ስለቻልሽ ሁሌ አመሰግንሻለሁ። በጋቢና ስላስተማርሽኝ ግን አመስግኜሽ አላውቅም፤ ዛሬ አመሰገንሁሽ።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ ለድስት አሳራሪው፣ ሰላም በይልኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚያቸው። ለአንቺ የያዝሁት ሰላምታ ግን የእኔ አይደለም። ሠልጣኟ አሁን መስመር ላይ ናት፣ እውነተኛ ሰው ትጭናለች። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ከማዞሬ በፊት እህትሽን ሳላውቃት አመሰግናታለሁ፣ ንገሪልኝ ብላኛለች። አደራዋን አደረስሁ።

ታናሽሽ
ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 12