ለቲ የነገረችኝ መጨረሻ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

የሊትሬቸር ሞክ ፈተና አለቀ። እፎይ! ፈታኙ አዲስ ጫማ አድርጎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቋ... ቋ... ሲል ዋለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሳሌም እንቅልፍ ወስዷት ወረቀቷን በለሃጭ አራሰችው። ነገ ትክዳለች፣ አውቃታለሁ።

ጥያቄው ግን! ባሏ ወርቅ ሊቆፍር ስለሄደባት ሴትዮ። መጠበቋ ብልህነት ነው ወይስ ሞኝነት? አራት ገጽ ሞላሁ። ብልህነት ነው እንጂ! ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ እሷ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ስትሮጥ... እየጻፍኩ አለቀስኩ እኮ፣ ሲያሳፍር።

ማታ እትዬ ያለምወርቅን "አባዬ ደወለ?" አልኳት። "ጁባ ኔትወርክ የለም አሉ" አለችኝ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። እህቱ አይደለች፣ እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ለንግድ ብሎ ከሄደ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር። ቆጠርኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 14

የሞኩ ውጤት መጣ፤ ከሠላሳ ሦስት ሰባት። ሰባት!

የሊትሬቸር መምህራችን ማዳም ናካቶ ክፍሉ ፊት ወረቀቴን ይዛ፣ "የተመለሰው ባል የታለ? ገጹን አሳዪኝ።"

"መጨረሻው ላይ፣ ማዳም።"

"መጨረሻው ላይማ እዚያው ሌላ አግብቶ ይቀራል!"

ክፍሉ አውካካ።

ለዚህ ደብተር ልናዘዝ... መጽሐፉን አላነበብኩትም። አምና በኮሮናው ሎክዳውን ቦዳ ሞተር ሰው እንዳይጭን ሲከለከል፣ ያለን አንድ መጽሐፍ ካምፓላ ሌላው ጫፍ፣ ንቲንዳ፣ ጓደኛዬ ለቲ ጋ ቀረ፣ እኔ ካንሳንጋ። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ በድምፅ ቀድታ ትልክልኛለች፣ እኔ የእትዬን ምግብ ቤት ሰሃን እያጠብኩ እሰማለሁ። ካናዳ ከሄደች ወዲህም ያንኑ ነው የምሰማው። ስትናፍቀኝ። መጽሐፉን ገልጬ ምን ላድርግ? እሱ የለቲ ድምፅ የለው።

ግን ለምን ዋሸችኝ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 15

"አንቺ ቀጣፊ!" ብዬ ላክሁላት። መለሰች። ያ ድምፅ...

"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አባትሽ መደወል ያቆመው ያን ሰሞን ነበር እኮ። በየቀኑ 'ሰውዬው መጣ? ሰውዬው መጣ?' ትዪኛለሽ። ምን ላድርግ? አመጣሁታ!"

ልቆጣት ነበር። አምስት ጊዜ ሰማሁት።

እሑድ፣ ሐምሌ 17

መጽሐፉን ከሳሌም ተዋስኩ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ምግብ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ሴትዮዋ መንገድ መንገድ ታያለች። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! ውሃ አብረዋት የሚቀዱት፣ ቄሱ ሳይቀሩ... ማንም አይነግራትም።

ቀና ስል እትዬ በመስኮት ታየኛለች። ሳያት ዓይኗን መለሰች።

ለእኔስ ያልተነገረኝ ምን አለ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 19

ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ አባዬ ጁባ ሚስት አለው?"

ቢላዋው ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"የለውም" ማለት እኮ ትችል ነበር። አላለችም።

"ልጅም አለው" አለች፣ ቆይታ። "ወንድ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ፈተናሽ ይለፍ ብዬ ነው እንጂ፣ የኔ እናት..." ከእኔ ብሳ አለቀሰች። አባባይዋ እኔው ሆንኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 2

ማዳም ናካቶ ድጋሚ ጻፊው ብላኝ ነበር። ከሠላሳ ሦስት ሃያ አራት! ሴትዮዋን ብልህም ሞኝም አላልኳት። የሚነግራት ሰው ያጣች ናት አልኩ።

ዛሬ እትዬ በሰጠችኝ አዲስ ቁጥር ለአባዬ ደወልኩለት። አነሳ። ስለ ፈተናው ጠየቀኝ፣ ስለ ካምፓላ ዝናብ ጠየቀኝ... ድምፁ ወፍሯል። መቼ ትመጣለህ አላልኩትም።

"ልጁ ስሙ ማነው?" አልኩት።



ተቋረጠ እንዴ ብዬ ስልኩን አየሁት።

"ግርማ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ግርማ... ወንድሜ። አፍ ፈትቶ ይሆን? እህት እንዳለው የሚነግረው ሰውስ አለ?