የቶርቬኖች ምስክር

ሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2003፣ ፍኖተ ሰላም

ሊሰርዙብኝ ነው! ክረምቱን ሙሉ ኢንተርኔት ቤት ተጎልቼ የጻፍሁት ገጽ ነው። የኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ አርታኢዎች «አስተማማኝ ምንጭ ካልቀረበ በሳምንቱ መጨረሻ ይጠፋል» ብለው ለጥፈውበታል። ቶርቬኖች የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያሉ ቀንዳም የዋሻ ሕዝብ ናቸው። በዓለም ላይ የሉም፣ ፈጠራ ናቸው። ለሌለ ሕዝብ ምስክር አምጣ ተባልሁ እኮ!

ያለኝ ይኸው ነው፦
የጨዋታው ሠሪዎች ድረ ገጽ። ስለ ራሳቸው ሥራ ራሳቸው አይመሰክሩም ተባለ።
የተጫዋቾች ጭውውት። ወሬ ነው ተባለ።
ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት መጽሔት። እሱ ላይ ስለ ቶርቬኖች ሙሉ ገጽ አለ፣ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ቡሬ፣ እማየ ቤት፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ነገ ቢሮ አስፈቅጄ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ

ምነው እግሬን በሰበረው! ሻንጣው ውስጥ መጽሔት የለም። እማየን ብጠይቃት አንገቷን ደፋች።

«ያ ባለ ቀንዱ? ሰይጣን ከቤቴ አላሳድርም ብዬ ለመምሬ አያሌው ሰጠኋቸው» አለችኝ። መምሬ የንስሐ አባቷ ናቸው። በቃ፣ አቃጥለውታል አልሁ። ደሜ ፈላ። መሃይም አልኋት፣ እናቴን! ይባስ ብዬ «ሁለተኛ ይህን ደጅ ብረግጥ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» ብዬ ማልሁ። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ለቅበላ ዶሮ ሠርታ ነበር። ሳልቀምስ ወጣሁ።

ረቡዕ

መምሬ ለቤተ ክህነት ጉዳይ መጥተው ቢሮ ድረስ ፈለጉኝ። ከጋቢያቸው ሥር መጽሔቱን አወጡ!

«እኔስ አቃጥይው ብያት ነበር። የልጄን ዕቃ ምን ብዬ አቃጥላለሁ፣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ አለችኝ።» ቀጥለው ደግሞ «መሐላህን እያለቀሰች ነገረችኝ» አሉ። የምገባበት ጠፋኝ።

ከሄዱ በኋላ ገለጥሁት። ሙሉ ገጽ ያልሁት ሥዕል ነው። ከሥሩ አንዲት መስመር፦ ቶርቬን የሚባሉ ቀንዳሞችም አሉ፣ ትላለች። ሌላ የለም። ለዚች መስመር ነው እናቴን መሃይም ያልኋት።

ዓርብ

ያችኑ መስመር ምንጭ ብዬ አስገባሁ። አንዱ አርታኢ በትሕትና መለሰልኝ፦ ስም መጥራት ብቻ አይበቃም። ልክ ነው። ክረምቴን ውኃ በላው። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ የበለጠ የከፋኝ ግን ያ ዶሮ ነው። ለማን አበላችው ይሆን? ስልክ ልደውል አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት።

እሑድ፣ ቡሬ

ገጹ ትናንት ጠፋ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ይዤ መጣሁ። መሐላዬን ሊፈቱልኝ እስከ ገና እንድሰግድ አዘዙኝ፣ እሺ አልሁ። ቢሆንም ደጁ ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። እማየ ወጣች። ፊቷ ከስቷል።

«ምን ያስቆምሃል ውጭ?»

«እማየ፣ ይቅር በይኝ። ምያለሁኮ።»

«የምን መሐላ? ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምኑ ይሰማል! ይልቅ ግባ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ።»

ማክሰኞ ጠብታ አልወረደም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ገበሬው ሁሉ ጤፍ ሲያጭድ ነው የዋለው። መምሬን አየኋቸው፤ ወደ መሬት አቀርቅረው መቋሚያቸውን ያያሉ።

የአባቴ አጥንት ይውጋኝ አይውጋኝ እንጃ። ገባሁ።