ተርቦው እስኪቀዘቅዝ

ጥቅምት 4

ዛሬም ዝናብ። ጅማ ደርሰን ተመለስን። የባለቤቴ የበዛወርቅ የኩላሊት እጥበት ቀን ነበር። የጎጀብ ዳገት ላይ ላንድክሩዘሯ እንደ ልማዷ ማቃሰት ጀመረች... ጭነት ያለበት አይሱዙ ቀደመን። ትንሽ ቢቆይ በእግሩ የሚሄደውም ይቀድመን ነበር። በዛ መስኮቱን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። መንገጫገጩ ወገቧን ይገድላታል።

«ወጣነው?»

«ትንሽ ነው የቀረን።»

ውሸቴን ነው። ግማሹም አልተነካም።

ጥቅምት 9

ከፈለኝ መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ መካኒክ። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ካዳመጠ በኋላ «ጋሽ ሣህሌ፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው። አየር ነው የሚያጥራት። ተርቦ እንግጠምላት» አለኝ።

አሮጊት ላይ ተርቦ? ሳቅሁ። ሾፌር የነበርኩበት መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲሸጥልኝ እንኳ አርጅታ ነበር። «ዳገት አትፈራም» አለ። ሳቄን ተውኩት። እኔ እኮ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ጥቅምት 21

ዕቃው ከመርካቶ ደረሰ። አቮካዶው ሥር ሸራ ወጥረን ጀመርን። አሮጌዎቹ ብሎኖች አንፈታም አሉ። አንዱን በጉልበት ስጠመዝዘው ተሰበረ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ከፈለኝ። እውነቱን ነው፣ ቸኩያለሁ።

በዛ ጋቢ ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየናለች።

«ቀንድ አውጣ የመሰለው ምንድነው?»

«ሳንባ በዪው። አየር ያስገባላታል።»

«ለእሷ ሳንባ ገዛህላት። ለእኔስ ኩላሊት የት ይሸጣል ብለህ ጠይቀሃል?» አለች።

ከፈለኝ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ መኪናው ሥር ገባሁ። የእኔን ልስጣት ብዬ ሄጄ ደማችሁ አይገጥምም ተብዬ ተመልሻለሁ እኮ... ታውቃለች። ግን ካልቀለደች በዛ አይደለችም።

ኅዳር 2

ወጣች! ዳገቱን እያፏጨች ወጣች። አይሱዙውንም ቀደምነው። «እጅህን አውጥተህ ቻው በለው» አለች በዛ። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው?

ማታ ሰፈር ስንደርስ እንደ ልማዴ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልቁለቱን እየተንሸራተትኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ነዳጅ ይተርፋል፣ የተኛም አይቀሰቀስም። ስሾፍር የኖርኩት እንዲህ ነው። ከፈለኝ እየሮጠ መጣ።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሽ ሣህሌ? እንደጋለ ካጠፉት ተርቦው ዘይት አጥቶ ይቃጠላል! በር ላይ ቆመው በሚኒሞ ትሥራ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ። ሲቀዘቅዝ ያጠፏታል።»

በስተርጅና መኪና ማጥፋት ተማርኩ።

ኅዳር 12

አሁን ከጅማ በመጣን ቁጥር በሩ ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሰለቸኝ። ግቢና ጋደም በዪ ብላት በዛ አልወርድም አለች። «ብቻህን ምን ታደርጋለህ?»

ስላደገችበት ስለ ቢታ ገነት ታወራለች። ስለ አባቷ ቀፎዎች፣ ንብ ዓይኗ ላይ ስለነደፋት ቀን... ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። እኔ መንገድ ላይ፣ እሷ ቤት፣ ዕድሜያችን እንዲሁ አለቀ። መቼ ጎን ለጎን ተቀምጠን አውርተን እናውቃለን?

«አልቀዘቀዘም?» አለችኝ ዛሬ።

ቀዝቅዟል።

«ገና ነው» አልኳት።

ታኅሣሥ 8

በሩ ላይ ስንቆም ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። እጇ አብጧል። ፈራሁ።

ታኅሣሥ 19

በዛወርቅዬ ዐረፈች።

ዳገቱን በደህና ወጥተን፣ ጅማ በሰዓቱ ገብተን... ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። መንገድ ላይ ምንም አልዘገየንም። መኪናዋ የተቻላትን አድርጋለች።

ታኅሣሥ 27

መጻፍ አልቻልኩም።

ጥር 28

አርባዋ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ዘመዶቿን ጭኜ፣ በየቤታቸው አድርሼ ብቻዬን መጣሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። ሳላስበው እጄ የእሷን መስኮት ሊዘጋ ሄደ፤ ንፋስ አትወድም ነበር። ናፈቀችኝ። በጣም ናፈቀችኝ።

ጎረቤታችን ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለች። ቆማ አየችኝ።

«ምነው ጋሽ ሣህሌ፣ አይገቡም እንዴ? መሸ እኮ።»

«ገና ነው። ተርቦው አልቀዘቀዘም» አልኳት።

ከቀዘቀዘ ቆይቷል።