ሳይቀዘቅዝ ገልብጪው

ሚጡ፣

የእማዬ የአፕል ኬክ፣ ታርቱ፣ ከነመጥበሻው ኦቨን ውስጥ ነው፤ እሳቱን አጥፍቼዋለሁ። አባባን ይዘሽ ስትገቢ መጀመሪያ እሱን አስቀምጪው፣ ከዚያ ታርቱን ሳይቀዘቅዝ ገልብጪው። አፕሉ ከነስኳሩ ከታች፣ ሊጡ ከላይ ነው። ከመጥበሻው የሚሰፋ ሳህን ድፊበትና በሁለት ፎጣ ጥብቅ አድርገሽ ይዘሽ አንዴ ገልብጪው። መሃል ላይ ካመነታሽ የጋለው ስኳር ክንድሽ ላይ ይወርዳል፤ ባለፈው ያገኘሽን ታውቂያለሽ።

ስኳሩ ደርቆ እምቢ ካለሽ መጥበሻውን ለዘብ ያለ እሳት ላይ ትንሽ ጣጂው። ተጣብቆ የቀረ አፕል ካለም አንስተሽ ቦታው መልሺው። እማዬ እንደዚያ ስታደርግ ማንም አያውቅባትም ነበር።

እኔ ጓደኛዬ ጋ ነኝ። አባባ ባሌን የፈታሁ ቀን "እሷ ባለችበት ቤት ውሃ አልጠጣም" ብሏል። ከሆስፒታል የወጣን ሰው በውሃ ጥም አልቀጣም።
አንቺም ያኔ አጠገቡ ቆመሽ ጥፍርሽን ታዪ ነበር።
ይሁን፣ ዛሬ አላነሳውም።

ማን ጋገረው ካለ "እኔ ሚጡ ነኝ" በዪው። መቼም ሲቀምሰው ያውቃል፤ አንቺ ስኳሩን ገና ቢጫ ሳለ ነው የምታወርጂው፣ እኔ እንደ እማዬ ሊያር ሲል። አውቆም ዝም ብሎ ከበላ ዝም በዪው። ውሃ አልጠጣም ነው ያለው፣ ስለ አፕል ያለው ነገር የለም።

ራሱ "ለሷም አስቀሪላት" ካለ ግን ደውዪልኝ።
እስክትደውዪ ጫማዬን አላወልቅም።