የሉቺያ መቁጠሪያ በእኔ እጅ

የካቲት 20፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል

ከቀወት አሁን ገባሁ። ሁለት የውሃ ፓምፕ ልጠግን ሄጄ ነበር። አንዱ ተነሣ፣ አንዱ እምቢ አለ። የሽንኩርቱ ባለቤት ነገም ና ብሏል። ሙቀቱ ፀሐይ ገብታም አለቀቀንም። ሽሮውን ልጄ ቴሬዛ ሠርታለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጨው ታበዛለች፤ ዝም ብዬ እበላለሁ። ዮሴፍ፣ ስድስት ዓመቱ፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎታል።

አማቴ እማማ ወለላ ከእምድብር ደወሉ። ሰላምታው አጭር፣ ነገሩ ረጅም። ሚስቴ ሉቺያ ካረፈች ዓመት ሞላት፤ ልጆቿ ግን ያለ ቤ/ክ፣ ያለ አስተማሪ እያደጉ ነው አሉ። ቴሬዛ የመጀመሪያ ቁርባኗን መቀበል የነበረባት ድሮ ነው። ት/ቤት ሲዘጋ ሁለቱም ወደ እሳቸው ይምጡ፣ እዚያው ይኑሩ። ላስብበት አልኩ። ምን ልበል? እውነታቸውን ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የካቶሊክ ቤ/ክ የለንም። ቤ/ክናችን የሚስቴ የምሽት ጸሎት ነበር። እኔ አሜን ባይ ነበርኩ። ዐቢይ ጾም ከገባ አራተኛ ቀን። በዚህ ቤት አንድም ጸሎት አልተደገመም።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

መቁጠሪያዋን ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ። ከእራት በፊት ልጆቹን ጠራሁ። ሻማ አበራሁ። እጄ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። አባታችን ሆይ ደኅና ሄደልኝ። በየአሥሩ ሰላም ለኪ መጀመሪያ የሚጠሩት ምሥጢራት ላይ ስደርስ ጠፋኝ። የቅዳሜው የደስታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አምስቱን በተራ መጥራት ግን አቃተኝ። ዮሴፍ በጣቱ ይቆጥራል። አሥር ማለት ሲገባህ አሥራ አንድ አልክ አለኝ። ቴሬዛ መሀል ላይ ተነሥታ መኝታ ክፍል ገባች፣ መጋረጃውን ሳበች። እኔና ዮሴፍ ጨረስነው። እንዴት እንደጨረስነው እግዜር ይወቀው።

የካቲት 24

ቴሬዛ ዛሬም ለጸሎት አልመጣችም። ሰሃን ስታጥብ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ዞር ሳትል፦

«አያቴ ስለ ደወለች ነው አይደል የምትጸልየው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ስልክህ ይጮኻል፣ ሁሉ ይሰማል። እኛን ላለመስጠት ነው።»

ተናድጄ ደጅ ወጣሁ። ግማሹ እውነት ነው፣ ማስታወሻዬ። ላንተ አልዋሽም።

የካቲት 29

እትዬ ዘሀራ ካፈጠሩ በኋላ ሾርባ ይዘው መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ረመዳን ከገባ ሳምንቱ። ሳህኑን ሰጥተውኝ አልሄዱም። በሩ ላይ ቆሙ።

«የዮሴፍ አባት፣ የሉቺያ አማና አለብኝ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉቺያ ወደ ሆስፒታል ልትሄድ ስትል አደራ ብላቸዋለች። የጸሎታችን ድምፅ በግድግዳው በኩል መምጣቱን ካቆመ በራችንን እንዲያንኳኩ ብላ።

«ዓመት ሙሉ ጠፋ። እኔም አላንኳኳሁም። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ደጅ በምን አፌ ብዬ። ባለፈው ቅዳሜ ሰማሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አፉ በለኝ።»

ይቅር የምለው ምን አለ? አስገባኋቸው። እርስዎስ በልጅነትዎ ማን አስተማረዎ አልኳቸው። መስጊዱ ሩቅ ነበር አሉ። ማሽላ ሲጠብቁ ማሳው ላይ ቁርአን እያስነበቡ ያስቀሯቸው አባታቸው ናቸው።

«አባትዎ ይሳሳቱ ነበር?»

«ይሳሳት ነበር እንጂ። ስንስቅበት አብሮን ይስቅ ነበር።»

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ዓርብ የሐዘን ምሥጢር ነው። በግርፋቱ ጀመርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«እሱ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ጌቴሴማኒ።»

ተመለስኩ፣ ጌቴሴማኒ አልኩ። ሦስተኛውም ጠፋኝ። የእሾህ አክሊሉን ልትነግረኝ ወጣች። ዮሴፍ አጠገብ ተንበረከከች፤ ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ስንጨርስ አወጣችው። እናቷ ሆስፒታል ሳለች ወር ሙሉ መቁጠሪያ ደግማለች። ክፍል ውስጥ ሳይቀር፣ ከዴስክ ሥር፣ በጣቶቿ። «አልሰጠኝም» አለች። የምትለው ይኸው ብቻ።

ሉቺያ ብትኖር ምን እንደምትመልስ አሰብኩ። አላገኘሁትም። ስለዚህ የራሴን ነገርኳት። እኔም ለምኜው ነበር። እኔም ተቀይሜዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ያላናገርኩት ለዚያ ነው። አፍጥጣ አየችኝ።

«ታዲያ አሁን ለምን ታናግረዋለህ?»

«እሱን ባኮረፍኩ ቁጥር እናትሽም አብራ የምትርቀኝ መሰለኝ።»

አለቀሰች። እኔም። ዮሴፍ እራት መቼ ነው አለ። ከእራቱ በፊት ለሉቺያ ነፍስ አንድ አባታችን ሆይ አደረስን። የመራችው ቴሬዛ ናት።

መጋቢት 20

ሁለት ሳምንት አልጻፍኩም። ሥራ በዝቷል፤ ዝናብ የለም፣ ፓምፑ ሁሉ ይታመማል። ቤት ግን ሌላ ሆኗል። ቴሬዛ ምሥጢራቱን በየቀናቸው ከፍላ በፓምፕ ካርቶን ጀርባ ጽፋ ሰቀለች። ለእኔ መሆኑ ነው። ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል፣ በአሥራ አራቱ ማረፊያ እየቆምን። ዮሴፍ በግቢው አጥር ላይ አሥራ አራቱን መስቀል በከሰል እስላለሁ ብሎ ዘጠነኛው ላይ ደከመው። ቀሪውን አምስት አየር ላይ አማተብን። ስንስቅ ጾም ላይ ነን ብላ ቴሬዛ ተቆጣችን።

ትናንት ግን ክፉ ቀን ነበር። ደክሞኝ መጥቼ ጸሎቱ ዛሬ ይቅር አልኩ። ቴሬዛም እሺ አለች። እሺታዋ ውስጤ ገባ። ተነሥቼ ሻማውን ለኮስኩ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ማስታወሻዬ፣ ሳሎናችን ውስጥ ተቀደሰ። አዲስ አበባ ወዳለው ቁምስና፣ ወደ ካቶሊክ ቤ/ክ፣ ደውዬ ነበር። ወደ ደሴ የሚያልፉ አንድ አባ ሁለት ሰዓት ሰጡን። የምግብ ጠረጴዛው መንበር ሆነ። ቴሬዛ መንበሩ የሚለብሰውን ነጠላ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው። የዮሴፍ ምስጋና ከአባ ይበልጥ ጮኸ።

በኋላ አባ ቴሬዛን ስለ ቁርባን ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች። ማን አስተማረሽ አሉ።

«መጀመሪያ እማዬ። ከዚያ አባዬ እየተሳሳተ፣ እኔ እያረምኩት።»

አባ ሳቁ። ተዘጋጅታለች፣ ከፈለገች አሁኑኑ እዚሁ ልትቀበል ትችላለች አሉ። አሰበች። ለፋሲካ እምድብር፣ አያቴ እያየችኝ ይሁን አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ከዚያ ግን እንመለሳለን?»

በአባ ፊት ነው የጠየቀችኝ። እንመለሳለን አልኩ።

ሚያዝያ 1

እማማ ወለላ ጋ ደወልኩ። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ለፋሲካ ሦስታችንም እንመጣለን፤ ቴሬዛ እዚያ ትቆርባለች፤ በማግስቱ ሦስታችንም እንመለሳለን። ክረምት ላይ ሦስት ሳምንት እርስዎ ጋ ይሰነብታሉ። ኑሯቸው ግን እኔ ጋ ነው።

እማማ ወለላ፣ ዮሴፍ አባታችን ሆይ ይችላል ወይ አሉ። ስልኩን ሰጠሁት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለው፤ አንድ ቦታ ዘለለ፣ እሳቸው መለሱት። እንደገና አለው። ድምፃቸው ሲሰበር ከዚህ ሆኜ ሰማሁት።

ስልኩን ስቀበል ልጆቹ እዚያ ስለ መኖራቸው አላነሡም። መቁጠሪያውን ብቻዬን ነው የምደግመው፣ ከእራት በፊት ደውሉልኝና አብረን እንበል አሉ። ስንት ሰዓት ይመችዎታል አልኩ። አንድ ሰዓት አሉ።

ማታ አንድ ሰዓት፣ እሺ አልኩ።