ጠይቃትና ዝም በል

ውድ የልጄ አባት፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ደግሞ እንዳትኩራራበት። ያልደወልኩልህም ወድጄ አይደለም። በስልክ እኔ ሁለት ቃል ሳልጨርስ አንተ ሃያ ትላለህ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም።

በእህትህ እጅ የላክኸው ጥናት ደርሶኛል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አባዝተህ፣ ብዙ ቃል የሚሰሙ ልጆች ቶሎ አፍ ይፈታሉ የሚለውን በቀይ አስምረህበታል። ከሥሩም «ልጄን ዱዳ ያደረጋት ያንቺ ዝምታ ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ እኔ ጋ ትኖራለች፤ እምቢ ካልሽ ፍርድ ቤት እንገናኝ» ብለሃል። እህትህ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቅቷት ጫማዋን ታይ ነበር።

ሦስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ዱዳ አልካት። ጆሮዋን የመረመረው ሐኪም «ምንም የለባትም» ሲል አጠገቤ ተቀምጠህ አልነበር እንዴ?

ጎበዝ የኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ነህ፣ አልክድህም። ያገባሁህም በሬዲዮ የሰማሁትን ድምፅህን ወድጄ ነው። ግን ያንን ገጽ ያነበብክ ዕለት ማይክሮፎኑን ቤት ይዘህ ገባህ። ልጅቷ ምሳ ስትበላ፣ «ድንቡሼ ማንኪያውን ይዛለች፤ ወደ አፏ እያስጠጋች ነው፤ ኧረ ሾርባው ደረቷ ላይ ፈሰሰ» ትላለህ። ፖፖ ላይ ተቀምጣ እንኳ አልተረፈችህም። አፏን ከፈት ባደረገች ቁጥር «አሁን ውሃ ልትጠይቅ ነው» ብለህ አንተው ጠይቀህ አንተው ትሰጣታለህ። እሷም ምን ታድርግ፣ መናገሩን ትታ እጇን መዘርጋት ለመደች።

የንግግር ባለሙያዋ ጋ የሄድን ቀን የሆነውን ታስታውሳለህ። ምንጣፉ ላይ ክዳን ያለው ሣጥን አስቀመጠችና «እንደ ቤታችሁ ተጫወቱ፣ እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አለችን። ወዲያው ጀመርክ። ሣጥኑ ቀይ መሆኑን፣ ክዳኑ መጥበቁን፣ ድንቡሼ በግራ እጇ መሞከሯን አስተላለፍክ። ልጅቷ ቀና ብላ አይታህ «እ...» አለች። «ክፈትልኝ ማለቷ ነው» ብለህ ከፈትክላት።

«አባቷ» አለችህ ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ «አንድ ነገር ይጠይቋትና መልሷን ይጠብቁ። ዝም ብለው።»

ሳቅክ። «እኛ መሥሪያ ቤት ዝም ካልሽ አድማጭ ጣቢያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ከሥራ ያስባርራል» አልካት። እሷም ለይሉኝታ ሳቀች። በዚያው ሳምንት «ይሄ ቤት መቃብር ነው» ብለህ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ።

እኔ ደግሞ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሌላው የዘለለውን መስመር ለማንበብ ነው። ጥናቱን ከቤተ መጻሕፍት አፈላልጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ከሱ በኋላ የወጡትንም ጨመርኩ። ምን ይላሉ መሰለህ? ዋናው ነገር ልጁ ላይ የሚፈሰው የቃል ብዛት ሳይሆን ምልልሱ ነው። አንዴ አንተ፣ አንዴ እሷ። «እ» ብቻ ብትልም ተራዋ ነው። ከብዙ ልጆች የተገኘ አማካይም ለአንዲት ልጅ ፍርድ እንደማይሆን አጥኚዎቹ ራሳቸው ጽፈውታል። አንተ ግን የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ጎል ውጤት ይዘህ ሮጥክ። ልጅህን እያየህ ካላነበብከው ጥናቱ ለምን ይጠቅምሃል?

ደግሞ ንዴቴ ስለ እሷ ብቻ አይምሰልህ። ማርገዜን ልነግርህ ስል ሁለቴ አቋርጠኸኝ ስለ አዲሱ በረኛ አወራኸኝ። ተውኩት፤ በኋላ ከእናትህ ሰማህ። ዝምተኛ ሆኜ አልተፈጠርኩም፤ ተራ አጥቼ ነው። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ ይኸው ዛሬ ነገርኩህ።

አሁን ስለ ልጅህ ስማ። ባለፈው ቅዳሜ ሬዲዮ ከፍቼ ዕቃ ሳጥብ አንተ የምታስተላልፈው ጨዋታ ጀመረ። ድንቡሼ ድምፅህን ስትሰማ ከሳሎን እየሮጠች መጣች። በርጩማ ላይ ወጥታ ሬዲዮውን በመዳፏ ሸፈነችና «ቆይ» አለችህ።

አንተ ቀጠልክ። የማዕዘን ምት ነበር።

«አባ፣ ቆይ። እኔ» አለችህ። አሁንም ቀጠልክ። ወደ እኔ ዞራ ሬዲዮውን በጣቷ አሳየችኝ። ሬዲዮውን አጠፋሁት። እጄን ሳላደርቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና «እሺ፣ አንቺ» አልኳት። ብዙ ቆየች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ልናገርላት ቃጥቶኝ ነበር፤ ምላሴን ነክሼ ጠበቅኳት።

«ጫማዬ ጠፋ» አለችኝ።

ልትነግርህ የነበረው ይህንኑ ነው። አንድ ጫማ አድርጋ አብረን ቤቱን ስናስስ ቆየን፤ ሌላኛው አልጋ ሥር ተገኘ።

እንግዲህ ፍርድ ቤት ካማረህ ሂድ፤ ጥናቱን ከነሙሉ ገጹ ይዤ እጠብቅሃለሁ። ልጄን ግን አልሰጥህም። ማየት ከፈለግክ ጨዋታ በሌለህ ቀን ና። ጫማዋ የት እንደተገኘ ጠይቃትና አፍህን ዝጋ። ትቆያለች። ጣራውን ታያለች፣ ጣቷን ትጠባለች። ያኔ ቃሉን ከአፏ ከነጠቅካት በሩን ከፍቼ የማስወጣህ እኔ ነኝ።

እዚህ ድረስ ካነበብክ፣ አንድም ቦታ ሳታቋርጠኝ ስትሰማኝ ይህ የመጀመሪያህ ነው።

የልጅህ እናት