ከጉልበቴ በላይ ያለው ውኃ

ይድረስ እንደ እናትም እንደ እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም እማዬን ብቻሽን ታነሻታለሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? እማዬ እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍስ ይወስዳታል? ይህን ሁሉ በስልክ ልጠይቅሽ እችል ነበር፤ ግን ስልክ ላይ ድምፄ ሲሰበር ትሰሚብኛለሽና ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ትኩሳት የለኝም፣ እበላለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው እንጂ ልቤስ ከወደቀ ሰነበተ።

የባሕር ሥነ ሕይወት ልማር ባሕር ማዶ ስመጣ ዓሣ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ የሚጠና መስሎኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዕድሉ የተገኘው በዚህ ትምህርት ብቻ ነበርና የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ብዬ ተቀበልኩ። ጋሼማ ያኔውኑ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብሎ ቀልዶብኛል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ፍንጭቱ ወንድማችን ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ ወንዙ በወሰደው ሰሞን፣ እማዬ እኔን አንገቴን ይዛ “በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ፣ ከጉልበትህ በላይ ውኃ እንዳይነካህ” ብላ ስትገዝተኝ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ያኔ ቀላል ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ክረምት ካልሆነ ከጉልበት በላይ ውኃ ከየት ይመጣል?

በዚህ ግዝት እዚህ እንዴት እንደኖርኩ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፌ አላውቅም፤ ከላይ የሚወርደውን ግን እማዬ አልጠቀሰችም ብዬ ቆሜ እታጠባለሁ። ባሕሩ በየቀኑ ከዳርቻው ይሸሻል፤ ሲሸሽ እስከ ጉልበቴ የሚደርሰውን ቦቲዬን አጥልቄ እወርድና ከዐለቱ ሥር ቀንድ አውጣና ሸርጣን እሰበስባለሁ፤ ሲመለስ እኔም እመለሳለሁ። እጄ ቢሠራም ዓይኔ ቦቲው ላይ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ውኃ እንደነካት ዶሮ ስለምሸሽ “ዶሮው” ይሉኛል። ቢሆንም የዳርቻውን ፍጥረት እንደ እሱ የሚያውቅ የለም ብላ መምህሬ በሰው ፊት አመስግናኛለች። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ግን ዳርቻው አለቀ። የመጨረሻው ዓመት ጥናት ከውኃ በታች ባለው ሣር ላይ ነው። አዎ፣ ባሕር ውስጥም ሣር ይበቅላል፤ እረኛ አያስፈልገውም እንጂ። ጠልቆ ያላየ አይመረቅም። ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ ጸሐፊዋ በሽታ ካለብህ የሐኪም ማስረጃ አምጣ አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ልቤንም ሳንባዬንም አዳምጦ ምንም የለብህም ብሎ ሰደደኝ። ግዝት የሚባል በሽታ የለማ።

መምህሬ ክፉ ሰው አይደለችም። ነገሩን ሁሉ ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዋና ከሚያስተምር ሰው ጋር አገናኘችኝና መዋኛ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እግሬን ከተትኩ። ውኃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ እጄ ጠርዙን ይዞ አልለቅ አለ። አስተማሪው ቀስ አድርጎ ጣቶቼን ሊያላቅቅ ሲሞክር ጮኽኩ፣ እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጮኽኩ። ዋና የሚማሩ ሕፃናት ሁሉ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሕንፃ በኩል አላልፍም። መምህሬም “ይህ እኔ የምፈታልህ ነገር አይደለም፤ ሰኞ ቁርጡን ንገረኝ” አለችኝ።

ችግሬን በስልክ የነገርኩሽ ዕለት እማዬን ልጠይቅልህ፣ እሷው ትፍታህ ያልሽኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ባለፈው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስታደርጊላት ያለችኝ ትዝ አለኝ። ላንቺ አልነገርኩሽም። ፍንጭቱ መስያት፣ “ምነው ቆየህ? ወንዙ ሞልቶ ከሆነ አንተ ዋና ታውቅ የለ፣ ልብስህን ራስህ ላይ አስረህ ዋኝተህ ና” አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተንኮል አስቤ ነበር። ከገዛ አፏ ዋኝ ብላለች፣ እንግዲህ ተፈትቻለሁ ልበል አልኩ። ግን ፈቃዱ የእሱ ነው፤ የሟች ፈቃድ ሰርቄ እንዴት ልጥለቅ? አንቺ እንዳልሽው ትጠየቅ ብንልስ? እንድትፈታኝ መገዘቷን ማስታወስ አለባት፤ እሱን ለማስታወስ ደግሞ ለምን እንደገዘተች መስማት አለባት። ያን ጊዜ ፍንጭቱ ወንዝ ዳር አይደለም፣ ሞቷል ልትዪያት ነው። አንዴ የሰማችውን መርዶ ለእኔ ዲግሪ ተብሎ እንደ አዲስ ልትሰማ ነው። አይሆንም፣ እትዬ። ረስታ ዐርፋለች፤ ትረፍ። እባክሽ አንድም ቃል እንዳታነሺባት።

ስለዚህ ሰኞ አልችልም እላለሁ። ነፃ የትምህርት ዕድሉ በዚያው ይቆማል፤ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ። ሌላ ትምህርት ልቀይር ብዬ ያላንኳኳሁት በር የለም፤ የከፈተልኝም የለም። ሰፈሩ ምሁር ሲጠብቅ የቀንድ አውጣ ስም የሚደረድር ጎረምሳ ሊመጣለት ነው። ባሕር በሌለበት ይህ ምን ይሠራል? ጽኚ ብዬ እንዳልጽፍልሽ እኔው ራሴ አልጸናሁም። ተስፋ ላደርግ ሞክሬ አልመጣልኝም፤ አንቺን አንገት ማስደፋቴ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ይቆጣ ይሆናል፣ ይውጣለት ብለሽ ተዪው። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዳትሰለች፤ እኔን አይተሽ ተስፋ አትቁረጪ በያት። ትንሹ ዓሣ ነባሪ አይተሃል ወይ ብሎኝ ነበር፤ ከሩቅ፣ ጀርባውን ብቻ በዪው። ጎረቤታችን ባልቴቷን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ። ፍንጭቱ የት ደረሰ ካለችሽ መንገድ ላይ ነው በያት። በር ላይ ስታየኝ እሱ መጣልኝ ብላ እልል ካለች አታርሚያት። እሱ ሆኜ እገባለሁ።

ታናሽሽ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ባሕሩ ከማይታይበት መስኮት ሥር
ጥቅምት ፳፩ ቀን